ስለ ጓሮ ዶሮ፥ ስለ አትክልት ቦታና ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

አገር ለምታስተዳድሩ፥ ወረዳና ቀበሌ ለምትጠብቁ ሹማምንት፥ እንዲሁም ሰፊ ይዞታ ላላችሁ ሁሉ።

በአንድ ወረዳ ውስጥ በሬ የሞተበት ገበሬ እንደሆነ ጐረቤቱ ያዝንለታል፤ ሹሙም ይሰማል፤ ነገሩም በጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። በግንቦት ወር የአንድ መንደር ዶሮ ሁሉ በአንድ ሳምንት ያለቀ እንደሆነ ግን ወሬው ከጓሮው አጥር አይወጣም። የቤቲቱ እመቤት የሞቱትን ትጥላለች፤ ጥቂት ቀን ታዝናለች፤ ከዚያም እንደገና ከገበያ አንዲት ቄብ ገዝታ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ይህም በየዓመቱ ስለሚደጋገም የማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን፥ ይልቁንም በሹማምንት ትጋትና በጥቂት ወጪ ሊቀር የሚችል ጉዳት መሆኑን ማስረዳት ነው።

ስለ አገሩ ጠባይ

የጣና ባሕር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ፥ ስፋቱም ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፥ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ዓባይም ከእርሱ ተለይቶ ጕዞውን የሚጀምረው በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ዝናሙ በብዛት የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፤ በቀሩት ወራት ግን ውሃው ቅርብ ስለሆነ፥ በዳርቻው ያለውም መሬት እርጥበቱን ስለሚይዝ፥ ጓሮ ለማልማት ይህን ያህል የተመቸ ስፍራ በብዙ አገር አይገኝም።

ለዚህም ዘጌ ምስክር ናት። በዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም እንደ ተሠራ በሚነገረው ሥርዐት መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ተከልክሎ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ ኑሮውን በቡና፥ በጌሾ፥ በሎሚና በልዩ ልዩ ዛፍ ላይ መሥርቶ፥ የጓሮውን ፍሬ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እያሻገረ፥ እህሉን በዚያው ገበያ ሲገዛ ኖሯል። እንግዲህ ማረሻ ሳይኖር በአትክልት ብቻ ቤት ሊቆም የሚችል ከሆነ፥ ማረሻም ጓሮም ያለው ገበሬ ጓሮውን ችላ ማለቱ ታላቅ ኪሣራ ነው።

ለዶሮ መኖ የሚሆነውም ነገር በዚሁ ዳርቻ ሞልቷል። በምሥራቅ በኩል በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይመረታል፤ ሩዙ ሲፈተግ የሚወጣው ፉርሽካ ለዶሮ ይሆናል። በደቡብ በኩል በቆሎና ዳጉሳ አለ፤ ከየቤቱም የእህል ግርድ፥ የኑግ ፋጉሎና አተላ አይጠፋም። ዓሣ በሚበለትበት ስፍራም የሚጣለው ጭንቅላትና አጥንት በደንብ ተቀቅሎ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ ተወቅጦም ከእህል ጋር በጥቂቱ ቢደባለቅ ለጫጩት የሚያስፈልገውን የሥጋ ገንቢ ምግብ ይሰጣል።

ዶሮ የማን ሀብት እንደ ሆነች

በገጠር በሬው የባል፥ ዶሮዋ የሚስት መሆኗ የታወቀ ልማድ ነው። ሴቲቱ ለጨውና ለሳሙና፥ ለልጇ ደብተርና ለማኅበሯ መዋጮ ማንንም ሳትለምን የምታገኘው ገንዘብ ከዕንቁላልና ከዶሮ የሚገኘው ነው። እንግዳ ድንገት የመጣ እንደሆነ፥ አራስም የምትጠየቅ እንደሆነ፥ የቤቱን ክብር የምትሸፍነው ዶሮ ናት። በዐውደ ዓመትም በ12 ብልት ተሠርታ በሌማቱ ላይ የምትቀርበው እርሷው ናት። ስለዚህ የመንደር ዶሮ ሲያልቅ የሚጠፋው ወፍ ብቻ አይደለም፤ የቤቲቱ እመቤት በእጇ የያዘችው ጥሪት ሁሉ ነው።

ከዚህ ላይ ሹማምንት ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቄብ ዶሮ ወይም ጫጩት በመንግሥት ወይም በማኅበር በኩል ሲታደል መዝገቡ በባልየው ስም ብቻ የተጻፈ እንደሆነ፥ ትርፉ ሲበዛ ሀብቱ ከሴቲቱ እጅ እየወጣ ይሄዳል፤ ድካሙ ግን በእርሷ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መዝገቡ በሴቲቱ ስም ቢጻፍ የተገባ ነው።

ዶሮዋ ፍሬዋ ጥቂት የሆነበት ምክንያት

በኢትዮጵያ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ ዶሮ እንዳለ የመንግሥት ቈጠራ ያስረዳል፤ የሚበዛውም በየጓሮው እየጫረ የሚኖር አገር በቀል ዶሮ ነው። ዶክተር ሐሊማ ሐሰን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉትን፥ በጥሊሊ፥ በመጫ፥ በጓንጓ፥ በፋርጣ፥ በደብረ ኤልያስና በሌሎችም ስፍራዎች ስም የተለዩትን ዶሮዎች መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ባወጡት ጥናት፥ አንዲት ዶሮ በዓመት የምትጥለው ዕንቁላል ከ18 እስከ 57 ብቻ መሆኑን ገልጸዋል።

ይህን ቍጥር ያየ ሰው ዶሮዋን ሰነፍ ይላታል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ዶሮዋ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያህል ዕንቁላል ከጣለች በኋላ 21 ቀን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ሁለት ወር ያህል እየመራችና እየጠበቀች ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕንቁላል አትጥልም። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ወደ መጣል ትመለሳለች። ዓመቷን የምታሳልፈው በስንፍና ሳይሆን በእናትነት ነው።

እውነተኛው ኪሣራ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበዙት፥ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። አንዱን ጭላት ይነጥቀዋል፤ አንዱን ሸለምጥማጥ ይበላዋል፤ አንዱ በዝናምና በብርድ ይሞታል። ከዚህ ሁሉ የተረፉትን ደግሞ በሽታ ይጨርሳቸዋል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ እውነት የሚሆነው ጫጩቱ በሕይወት የቈየ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ዶሮ አርቢው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ዕንቁላል ስለ ማብዛት ሳይሆን የተፈለፈለውን ስለ ማሳደግ ነው።

ስለ ፈንግል በሽታ

ሕዝባችን ፈንግል የሚለው በሽታ በሊቃውንት ዘንድ የኒውካስል በሽታ ይባላል። ይህም ስም የወጣለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ስለ ታወቀ ነው፤ በዚያው ዘመን በጃቫ ደሴትም ታይቶ ነበር። በሽታው የያዛት ዶሮ ክንፏን ጥላ ታንቀላፋለች፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷም ይጠመዘዛል። በትንፋሽ፥ በኩስ፥ በቅርጫትና በጫማ፥ ይልቁንም ከገበያ በምትመለስ ዶሮ ከቤት ወደ ቤት ይተላለፋል። በብዛት የሚነሣውም የክረምቱ ዝናም ሊገባ ሲል ነው።

የታመመችውን የሚያድን መድኀኒት የለም፤ አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ግን አለ። ክትባቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በተቋቋመው በቢሾፍቱ በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በአገራችን ይሠራል። ከዐይነቶቹም አንዱ ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚታገሥ ስለሆነ ለሩቅ ቀበሌ የተመቸ ነው፤ ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ከፀሐይ ተጠብቆ በቀዝቃዛ ስፍራ መያዝ አለበት። አሰጣጡ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዷ ዶሮና ጫጩት ዐይን ላይ አንዲት ጠብታ ማድረግ ነው። በየአራት ወሩም ይደገማል። ኀይሉ የሚጸናው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ በሽታው ከገባ በኋላ መከተብ ብዙ አይጠቅምም።

እንግዲህ ክትባቱ በአገር ውስጥ የሚሠራ፥ አሰጣጡም ቀላል ከሆነ፥ ዶሮው ስለ ምን ያልቃል? ምክንያቱ ይህ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተከፈተና ከተበጠበጠም በኋላ ብዙ አይቈይም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት አንድ ሙሉ ብልቃጥ ለብቻዋ ልትገዛ አትችልም፤ ብትገዛም የሚበዛው ይበላሽባታል። እርሷ ከትባ ጐረቤቷ ያልከተበች እንደሆነም በሽታው በመንደሩ ውስጥ ይቈያል። ስለዚህ የአንዲቱ ሴት ትጋት ብቻውን አይበቃም፤ መንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን መከተብ ይኖርበታል። አንድ መንደር በአንድ ቀን አንድ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ደግሞ የሹም ሥራ ነው። የፈንግል ነገር የገንዘብ እጦት ከመሆኑ ይልቅ የሥርዐት እጦት ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

ለክትባቱ የሚመቸው ሰዓት ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ማለዳ ነው። የሚመቸውም ወር አንደኛው የሚያዝያ መባቻ ነው፤ ይኸውም ክረምቱ ከመቃረቡ በፊት ነው። ከዚያ በነሐሴ፥ ከዚያም በታኅሣሥ ይደገማል። እንደ ደቅ ያሉት ደሴቶች ክትባቱ በጀልባ እስኪደርስ ድረስ የሚያስቸግሩ ቢሆኑም፥ ውሃው ራሱ አጥር ስለሆነላቸው አንድ ጊዜ ሁሉን ከከተቡ በኋላ በሽታውን ከደጅ ማስቀረት ለእነርሱ ይቀላል።

ዶሮ ማደሪያዋ የት ይሁን?

በብዙ ቤት ዶሮ የምታድረው ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በቆጥ ላይ ነው። ይህም ከሸለምጥማጥና ከሌባ ለመጠበቅ ስለሆነ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ሊቃውንቱ ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን በኢትዮጵያ ገጠር ያሉትን ሕፃናት መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ባወጡት ጽሑፍ፥ ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ መገኘቱን፥ ዶሮዋ በቤት ውስጥ የምታድር ከሆነ ግን ከዚህ የተቃራኒ ነገር መታየቱን ገልጸዋል። ገና በእንብርክኩ የሚሄድ ሕፃን መሬት የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ያደርጋል፤ በኩስ ውስጥ ያለውም ተውሳክ አንጀቱን ስለሚጐዳ የበላው ምግብ አካሉን ላይገነባው ይችላል።

ስለዚህ ዶሮዋ ከቤት ወጥታ፥ ነገር ግን ከአውሬ ተጠብቃ እንድታድር ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህም የሚሆነው ቤት ከባሕር ዛፍ እግር ላይ የተሠራ፥ ወለሉ ከመሬት በሰው ጕልበት ልክ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያለ፥ ግድግዳው በቀርከሃ ወይም በጭራሮ የተማገረ፥ ክዳኑም ሣር ወይም ቆርቆሮ የሆነ ትንሽ ቤት ነው። ወለሉ ኩሱ ወደ ታች የሚወርድበት ቀጭን ክፍተት ያለው ርብራብ ይሁን። በእግሮቹ ላይ ቆርቆሮ የተጠመጠመበት እንደሆነ ሸለምጥማጥ ሊወጣበት አይችልም። ለመጣያም የጤፍ ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ይቀመጥ። ቅማልና ቁንጫ እንዳይበዛም በአጠገቡ ዐመድና ደቃቅ አፈር ይደረግ፤ ዶሮዋ በዚያ ውስጥ እየተንከባለለች ራሷን ታጸዳለች። ባለቤቱ በዓይኑ እንዲጠብቀውም ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ እንዳይርቅ ነው።

ኩሱ ወደ አትክልት ቦታ

ከርብራቡ በታች የሚሰበሰበው ኩስ ቆሻሻ ሳይሆን ሀብት ነው። ነገር ግን ትኩሱን ኩስ በችግኝ ሥር ማፍሰስ አይገባም፤ ኀይለኛ ስለሆነ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ ከሆነ ደግሞ ሰውንም ያሳምማል። ከደረቅ ቅጠልና ከገለባ ጋር ተደባልቆ፥ በጥቂት ውሃ ረጥቦ፥ አፈር ለብሶ፥ አልፎ አልፎም እየተገላበጠ ሦስት ወር ያህል ከቈየ በኋላ ጥቁርና ሽታ የሌለው ማዳበሪያ ይሆናል። ይህን በኅዳርና በታኅሣሥ ጎመንና ቆስጣ፥ ሽንኩርትና ካሮት፥ ቃሪያና ዱባ ሲተከል ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ነው። በዳር በዳሩ ፓፓያ፥ ማንጎና ሙዝ ቢተከሉ ለዶሮዋ ጥላ ይሆናሉ፤ ከጭላትም ይሰውሯታል፤ ለልጆችም ፍሬ ይሰጣሉ።

ዶሮ ግን የአትክልት ወዳጅም ጠላትም ናት። ያደገውን ጎመን ከትል ታጸዳዋለች፤ ገና የበቀለውን ችግኝ ግን ጭራ ታጠፋዋለች። ስለዚህ ችግኙ እስኪጠነክር ድረስ በጭራሮ አጥር መለየት፥ ከተለቀመ በኋላ ደግሞ ዶሮዎቹን ወደ መደቡ ማስገባት መልካም ነው።

ስለ ሕፃናት ምግብ

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 በተደረገው የሕዝብ ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የማይመጥን በኢትዮጵያ ከመቶ 38፥ በአማራ ክልል ግን ከመቶ 46 ሆነው ተገኝተዋል። በ2019 በተደረገውም ጥናት ክልሉ ከመቶ 41 ነበረ። ጤፍና በቆሎ የሚትረፈረፍበት፥ ዓሣም ያለበት አገር ልጆቹ እንዲህ መቀጨጫቸው የእህል እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ሕፃኑ የሚበላው ገንፎና እንጀራ ሆኖ፥ ዕንቁላሉ፥ ዓሣውና አትክልቱ ወደ ገበያ ስለሚሄድ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀው፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሌማት ትሩፋት የተባለውን ሥራ የጀመረው ይህን ለማሻሻል ነው።

በውጭ አገር የተደረገውንም ማወቅ ይጠቅማል። በደቡብ አሜሪካ በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ ዕንቁላል ቢሰጣቸው የቀጨጩት ቍጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱ በ2017 ተጽፏል። በአፍሪካ በማላዊ ሐይቅ አገር ይኸው ሲሞከር ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ በዚያ ያሉት ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይበሉ እንደ ነበር መርማሪዎቹ አስተውለዋል። ከዚህ የምንማረው ዕንቁላል አስማት አለመሆኑን፥ ነገር ግን ገንፎ ብቻ ለሚበላ ሕፃን ትልቅ ረዳት መሆኑን፥ ዓሣ ለሚያገኝም ሰው ዓሣው እንዲሁ እንደሚጠቅመው ነው። ስለዚህ የጣና ዳር እናት ካላት ዕንቁላል ለልጇ ታስቀርለት፤ ዓሣም ካገኘች እሾኹን ለቅማ ታብላው።

በጾም ወራት ዕቃው እንዳይነካ በመፍራት ለሕፃን ዕንቁላል የማይቀቀልበት ቤት አለ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታዝዝም፤ ስለዚህ ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስት ማኖር ይበቃል። ይህንም ከሹም ይልቅ ካህን ቢናገረው ይሰማል።

ስለ ውጭ አገር ዘርና ስለ ገበያ

የውጭ አገር ዶሮ ዘር በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ አገራችን የገባው ከ1945 እስከ 1949 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐይነት መጥቷል። እነዚህ ዶሮዎች በሚገባ ከተቀለቡ በዓመት ከ250 የሚበልጥ ዕንቁላል የሚጥሉ አሉባቸው፤ ነገር ግን መኖ በገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም ዕንቁላል አይታቀፉም፤ ከጭላትም ማምለጥ አያውቁም። ለባሕር ዳር ከተማ ነጋዴ የሚስማማው ለደቅ ደሴት እመቤት ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ያልተከተበ መንደር፥ ቤትም ያልተሠራለት ጓሮ አዲስ ዘር ከመቀበሉ በፊት ያለውን ዘር መጠበቅ ይማር። በዚህም ረገድ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና በዘንዘልማ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ለምክር ቅርብ ናቸው።

ገበያውም የራሱ ዘመን አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዕንቁላልና ዶሮ ፈላጊ ያጣሉ፤ ለፋሲካ፥ ለዕንቁጣጣሽና ለገና ግን ዋጋቸው ይወጣል። አውራ ዶሮ ለገበያ እስኪደርስ ብዙ ወር ስለሚፈጅ፥ በመስከረምና በጥቅምት የተፈለፈለው ለፋሲካ ይደርሳል። በጾሙ ጊዜ የሚጣለውን ዕንቁላል በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ማስታቀፍ ይሻላል፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጫጩት ክረምቱ ስለሚያገኘው ከዝናም የሚያስጠጋው ቤትና ክትባት አስቀድሞ ይዘጋጅለት።

ከሹማምንት የሚጠበቀው

1ኛ፥ በሚያዝያ፥ በነሐሴና በታኅሣሥ ለየቀበሌው አንድ የክትባት ማለዳ ወስኖ፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በመስጊድና በገበያ ማስነገር።

2ኛ፥ ከየመንደሩ ሁለት ሦስት ሴቶች ጠብታውን መስጠት እንዲማሩ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ማገናኘት፤ ለድካማቸውም ከየቤቱ ጥቂት ሳንቲም እንዲወጣላቸው ማድረግ።

3ኛ፥ ከገበያ የገባች ወይም ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ እንድትቈይ ማስተማር። በሽታ በታየ ጊዜም የታመመውን ወደ ገበያ ማውጣት የጐረቤትን ቤት ማቃጠል መሆኑን በምክር ማስረዳት፤ በቅጣት ብቻ የሆነ እንደሆነ ሰው በሽታውን ይደብቃል።

4ኛ፥ ከፍ ያለውን የዶሮ ቤትና የአትክልቱን መደብ አስቀድሞ በራሳችሁ ግቢ ሠርታችሁ ማሳየት። ሕዝብ ከሹሙ ቃል ይልቅ የሹሙን ጓሮ ያያል።

5ኛ፥ በየክረምቱ መጀመሪያ በየቀበሌው ስንት ቤት ዶሮ እንዳለቀበት አስቈጥሮ በመዝገብ ማስፈር። ያልተቈጠረ ጉዳት የሚያስብለት የለም። የበሬው ሞት የተጻፈበት መዝገብ ከጐኑ ለዶሮዋም አንድ ዐምድ ቢሠመርለት፥ በሁለተኛው ዓመት የትኛው ቀበሌ እንደ ከተበና የትኛው እንደ ተኛ ቍጥሩ ራሱ ይናገራል።